ከማይለቅ ሕመም ጋራ መኖር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን፣ በአቦምሳ፣ በአራት ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ሌሎች ጓደኞቻችን ስለ ትምህርት ቤታችን ታሪክ፣ ስለ ስፖርት ቡድናችንና ከዚህ ወጥተው ለቁም ነገር ስለ በቁት ተማሪዎች ሲናገሩ ሰምተን ደስ ብሎናል። እኛ የምንናገርበት ጉዳይ ግን ከበዓል ቀን ጋራ የማይስማማ ይመስል ይሆናል፤ የምንናገረው ስለ በሽታ ነውና። ይሁን እንጂ በዓል ማለት አንድ ቤተሰብ ተሰብስቦ እርስ በርሱ የሚተያይበት ቀን ከሆነ፣ እኛም የዚሁ ቤተሰብ ልጆች ስለ ሆንን፣ ሳንታይ እንድንቀር አልፈለግንም።

እኛ አራት ነን። ሁለቱ የስኳር ሕመምተኞች ናቸው፤ አንዱ የሚጥል በሽታ አለበት፤ አራተኛዋን አስም ያስቸግራታል። ማን ማን እንደ ሆንን የክፍል ጓደኞቻችን ያውቃሉ። ዛሬ ግን የምንናገረው በየግላችን ሳይሆን በአንድነት ስለ ሆነ፣ «እኛ» እያልን እንናገራለን።

አቦምሳ ቆላ ነው። በዚህ አገር ያደገ ሰው ሁሉ ወባን ያውቃል። ወባ ሲይዝ ብርድ ብርድ ይላል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ያተኩሳል፤ ሐኪም ቤት ተሂዶ ደም ይመረመራል፣ ኪኒን ይዋጣል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ በሽተኛው ተነሥቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። ስለዚህ እዚህ አገር በሽታን የምናውቀው መጥቶ እንደሚሄድ እንግዳ አድርገን ነው። እንግዳም ሲመጣ የሚደረግለት ሥርዓት አለ። ጎረቤት ብርቱካን ወይም ሙዝ ይዞ ይመጣል፤ ከአልጋው አጠገብ ይቀመጣል፤ ክርስቲያኑ «እግዜር ይማርህ»፣ እስላሙ «አላህ አፊያ ያድርግህ» ብሎ ይመርቃል። በሽተኛውም «አሜን» ይላል፤ ይድናልም።

የእኛ ሕመም ግን እንግዳ አይደለም። ገብቶ መደብ ይዞ የተቀመጠ የቤት ሰው ነው። በመጀመሪያው ሰሞን ጎረቤት ሁሉ ጠየቀን። ወር አለፈ፤ ዓመትም አለፈ። ሰዎች በመንገድ ሲያገኙን «አሁንስ ተሻለህ?» ይሉናል። «ተሻለኝ» ብንል ውሸት ይሆንብናል፤ «አልተሻለኝም» ብንል ጠያቂው የሚለው ይጠፋዋል። ስለዚህ ዝም ማለትን ተማርን። ዝምታውም ቀስ በቀስ መደበቅ ሆነ። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኀኒት የለውም» ሲሉ ይህን ምሳሌ በቃላችን እናውቀው ነበር፤ ትርጉሙ የገባን ግን ዋጋ ከከፈልንበት በኋላ ነው። ዛሬ የምንነግራችሁም ይህንኑ የከፈልነውን ዋጋና ያገኘነውን ትምህርት ነው።

ከእኛ አንዷ የስኳር ሕመም የጀመራት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች ነው። ውሃ አያረካትም ነበር፤ ሌሊት ለሽንት ደጋግማ ትነሣለች፤ ትበላለች፣ ነገር ግን ትከሳለች። ቤተሰቧም በዚህ አገር ልማድ ወባ ነው ብለው አሰቡ። በመጨረሻ አቅሟ ሲደክምና ትንፋሿ ሲከብድ ወደ አዳማ ተወሰደች፤ እዚያ ደሟና ሽንቷ ተመርምሮ በሽታዋ ታወቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ መርፌ ትወጋለች። ወደዚህ ትምህርት ቤት ስትገባ ግን ይህን ለማንም አልነገረችም። «ልጅቷ በሽተኛ ናት» መባልን ፈርታ መርፌዋን ሽንት ቤት ገብታ፣ በሩን ዘግታ ትወጋ ነበር።

የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለች አንድ ቀን የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት አልቆ የሒሳብ ፈተና ተጀመረ። ጥቂት እንደ ቆየች እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ላብ አጠመቃት፤ በወረቀቱ ላይ ያሉት ቁጥሮች ተደባለቁባት። የደሟ ስኳር እየወረደ መሆኑን ዐውቃለች። በቦርሳዋም ውስጥ በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር ነበራት። ነገር ግን በፈተና መካከል ስኳር ስትቅም ብትታይ ሰው ምን ይላል ብላ ተወችው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላም ከወንበሯ ወደቀች። ከክፍል ጓደኞቿ አንዳንዱ «ወባ ነው» አለ፤ አንዳንዱ «ጠበል ትወሰድ» አለ፤ መምህሩም የሚያደርጉት ጠፋቸው። ያን ጊዜ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የነበረች ታናሽ እኅቷ ጩኸቱን ሰምታ እየሮጠች ደረሰች፤ «ስኳሯ ወርዶ ነው!» አለች። እኅቷ ገና መዋጥ ትችል ስለ ነበር በስኳር የተበጠበጠ ውሃ በዝግታ አጠጣቻት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ልጅቷ ቀና ብላ ተቀመጠች፤ «ፈተናው አለቀ ወይ?» ብላም ጠየቀች።

እስቲ ይህን ነገር አስቡት። ወንጂ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ከጀመረ ወዲህ፣ መተሐራም ከተከተለ በኋላ፣ ይህ የአዋሽ ሸለቆ ለአገሩ ሁሉ ስኳር ሲመግብ የኖረ ነው። በዚህ አገር አንዲት ተማሪ ሦስት ማንኪያ ስኳር በጊዜው ባለማግኘቷ ልትሞት ነበር። ያጣችው ግን ስኳሩን አይደለም፤ ስኳሩማ በቦርሳዋ ነበር። ያጣችው ደፍሮ መናገርን ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ስኳር በሽታ» የሚለውን ስም ሲሰሙ ልጁ ስኳር አብዝቶ በመብላቱ የመጣ ቅጣት ይመስላቸዋል። እንዲህ አይደለም። ከሆዳችን ውስጥ ቆሽት የሚባል ክፍል አለ። ከሥራዎቹም አንዱ ኢንሱሊን የሚባለውን ቅመም መሥራት ነው። ኢንሱሊን እንደ ቁልፍ ነው፤ ከምግብ የምናገኘው ስኳር ከደማችን ወደ ሰውነታችን ሕዋሳት የሚገባው በዚህ ቁልፍ ነው። እንደ እኛ ባሉ ልጆች ላይ የሚደርሰው የስኳር ሕመም ግን፣ በሽታን ለመከላከል የተሠራው የገዛ ሰውነታችን ኀይል ተሳስቶ እነዚያን ኢንሱሊን ሠሪ ሕዋሳት ሲያጠፋቸው የሚመጣ ነው። ቁልፉ ሲጠፋ ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ሰውነቱ ግን ይራባል። ሀብት በጎተራ ሞልቶ ባለቤቱ በር ላይ እንደሚራብ ማለት ነው። ይህ በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የማንም ጥፋትም አይደለም።

ከመቶ ዓመት ጥቂት ከፍ ከሚል ጊዜ በፊት ይህ በሽታ የያዘው ልጅ ይሞት ነበር። ሐኪሞች የሚያውቁት ዘዴ ልጁን በረኀብ እየቀጡ ዕድሜውን በጥቂት ወራት ማራዘም ብቻ ነበር። በጥር ወር 1914 ዓ.ም. በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ፣ ሊዮናርድ ቶምፕሰን የሚባል፣ ክብደቱ 30 ኪሎ እንኳ የማይሞላ ልጅ፣ ከእንስሳ ቆሽት የተወጣጣውን ኢንሱሊን ከሰው ሁሉ አስቀድሞ ተወጋ። የመጀመሪያው መርፌ አልሠራም፤ መድኀኒቱ ገና አልጠራም ነበርና። ሥራውን አልተዉትም፤ መድኀኒቱን አጣርተው ከ12 ቀን በኋላ እንደ ገና ወጉት፤ ልጁም አገገመ፤ ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ።

ይህን ታሪክ ስናነብ ያስደነቀን ሌላም ነገር አለ። ሐሳቡን ያመጣው ባንቲንግ የሚባለው ሐኪም ነበር፤ አብሮት በየቀኑ የሠራው ቤስት የሚባል ገና ተማሪ የነበረ ወጣት ነው፤ ቤተ ሙከራውን የሰጣቸው ፕሮፌሰር ማክላውድ ነው፤ መድኀኒቱን ያጣራው ደግሞ የኬሚስትሪ ዐዋቂው ኮሊፕ ነው። ከአራቱ አንዱ ቢጎድል ልጁ በዚያ ወር ባልዳነም ነበር። ባንቲንግ፣ ቤስትና ኮሊፕም የፈጠራውን መብት ለዩኒቨርሲቲያቸው በአንድ አንድ ዶላር ለቀቁት። እንግዲህ በየጧቱ የምንወጋው መርፌ ራሱ የብዙ ሰዎች እርዳታ ነው። «እኔ የሰው እርዳታ አልሻም» የሚል የስኳር ሕመምተኛ፣ መርፌውን በያዘ እጁ የራሱን ቃል ያፈርሳል።

ሁለተኛው የስኳር ሕመምተኛ ጓደኛችን ያጋጠመው ችግር ደግሞ የአገራችን ሙቀት ነው። ያልተከፈተ የኢንሱሊን ጠርሙስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚደርስ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ ከተከፈተም በኋላ ለአራት ሳምንት ያህል የሚያገለግለው ብርቱ ሙቀት ካልነካው ነው። በጓደኛችን ቤት ማቀዝቀዣ የለም። እናቱ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ባለ ሱቅ ለመኑና መድኀኒቱ ከለስላሳ መጠጦቹ ጋራ በማቀዝቀዣው ይቀመጥ ጀመር። ልጁ ግን በየጊዜው ሱቅ እየሄደ ማቀዝቀዣ መክፈት አሳፈረው፤ ውለታውም ከበደው። ስለዚህ ለእናቱ ሳይነግር ጠርሙሱን አምጥቶ በቤታቸው መደርደሪያ ላይ አኖረው። ጊዜው የግንቦት ሙቀት ነበር። መድኀኒቱ ኀይሉን አጣ፤ ልጁ በየቀኑ እየተወጋ እንኳ ስኳሩ ወደ ላይ ወጣ፤ ታሞም ከትምህርት ቀረ። ኩራቱ መድኀኒቱን አበላሸው ማለት ነው።

ባለ ሱቁ ይህን በሰማ ጊዜ ልጁን ሊጠይቅ መጣ፤ «ልጄ፣ ያንተ ጠርሙስ ከእኔ ለስላሳ ጋራ ተጣልቶ ያውቃል ወይ? ምን አስቀየመህ?» አለው። ልጁም መሳቅ አቃተው፤ አለቀሰ። መብራት ለሚጠፋበትም ጊዜ አንዲት ሸክላ ሠሪ እናት ሌላ ብልሃት አሳዩት። በትልቅ ገንቦ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ ይቀመጣል፤ በሁለቱ መካከል አሸዋ ይሞላል፤ አሸዋው ጧትና ማታ ውሃ ይጠጣል፤ አፉም በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል። ውሃው በሸክላው በኩል እየተነነ ሲወጣ ሙቀቱን ይዞት ይወጣል፤ የውስጡ ማሰሮ ይቀዘቅዛል። ይህ እኛ ቀዝቃዛ ውሃ የምንጠጣበት የገንቦ ጥበብ ነው፤ በሌሎችም ሞቃት አገሮች ኢንሱሊን እንዲህ ይጠበቃል። ጓደኛችን ዛሬ ጠርሙሱን ከሱቁ ያለ ሐፍረት ያወጣል፤ ቅዳሜ ቅዳሜም የባለ ሱቁን ልጅ ሒሳብ ያስጠናል። ማንም አላዘዘውም። እርዳታን የተቀበለ ሰው ዕዳ እንደ ገባ ሰው አንገቱን ደፍቶ መኖር እንደሌለበት፣ ተራው ሲደርስ መስጠት እንደሚችል ያስተማረን ይህ ነው።

ስለ ጾምም አንድ ነገር ልንናገር እንወዳለን፤ በዚህ ምክንያት ብዙ ወጣቶች ይጎዳሉና። ከሁለቱ ጓደኞቻችን አንዷ ክርስቲያን፣ አንዱ እስላም ናቸው። እርሷ በሁዳዴ፣ እርሱ በረመዳን፣ እንደ ጓደኞቻቸው ለመሆን ፈልገው ሐኪም ሳያማክሩ ጾሙ፤ ሁለቱም ታመሙ። እርሷ ለንስሐ አባቷ፣ እርሱ በመስጊድ ለሚያስተምሩት ሼህ ነገሩን ገለጡ። ሁለቱ አባቶች ተማክረው የማያውቁ ሲሆኑ የሰጡት መልስ አንድ ሆነ። ጾም የታዘዘው ለጤነኛ ነው፤ ሕመምተኛ ነፍሱን እንዲጠብቅ ሃይማኖቱ ራሱ ያዘዋል፤ በጾሙ ፈንታም ሌላ የጽድቅ ሥራ አለ አሏቸው። እነሆ፣ ሁለቱም ይህን እርዳታ ያገኙት በመጠየቃቸው ነው። ባይጠይቁ ኖሮ ሃይማኖታቸው ያልጫነባቸውን ሸክም ተሸክመው ይኖሩ ነበር።

አሁን ስለ ሦስተኛው ጓደኛችን እንናገር። የሚጥል በሽታ በአገራችን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳፍር በሽታ ሆኖ ኖሯል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ሄደው ባደረጉትና በ1990 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት፣ ከ1000 ሰዎች መካከል 5 ያህሉ ይህ በሽታ እንዳለባቸው ታይቷል። በዚህ ሒሳብ ሺህ ተማሪ ባለበት ትምህርት ቤት አምስት ያህል ይኖራሉ ማለት ነው። እነዚያ ተማሪዎች የት ናቸው? ከፊሎቹ ከቤት እንዳይወጡ ተደርገዋል፤ ከፊሎቹ ከመካከላችን ተቀምጠው በየቀኑ «ዛሬ ይጥለኝ ይሆን?» እያሉ ይሠጋሉ።

የሚጥል በሽታ ርኩስ መንፈስ አይደለም፤ በአረፋም በንክኪም ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። በአንጎል ውስጥ ያለው እንደ ኤሌክትሪክ ያለ የመልእክት ሥራ ለጥቂት ጊዜ ሲታወክ የሚሆን ነገር ነው። መድኀኒቱም በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ነው፤ ብዙዎቹ ሕመምተኞች ሳያቋርጡ ሲወስዱት መውደቁ ይቀርላቸዋል ወይም ይቀንስላቸዋል። ጸሎትና ጠበል የሚወድ ሰው ጸሎቱንም ጠበሉንም ይያዝ፤ ኪኒኑን ግን አይጣል።

ጓደኛችን ከዓመታት በፊት በሌላ ስፍራ በመንገድ ላይ በወደቀ ጊዜ፣ የከበቡት ሰዎች ክብሪት እየጫሩ ጭሱን ወደ አፍንጫው አስጠጉበት፤ ከንፈሩ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያ ቀን ምልክት ነው። ሰዎቹ ክፉዎች አልነበሩም። ለመርዳት ፈልገው ነበር፤ ነገር ግን አያውቁም ነበር። ስለዚህ ወገኖቻችን ሆይ፣ ይህን ዕወቁልን። ሰው ሲወድቅ ክብሪት አትጫሩ፤ እጁንና እግሩን በኀይል አትያዙ፤ በአፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ውሃ አታስገቡ። እሳትና ድንጋይ ካለበት አርቁት፤ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉለት፤ የአንገቱን ቁልፍ ፍቱለት፤ መንፈራገጡ ሲያቆም በጎኑ አስተኙት፤ ሰዓት ተመልከቱ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው ወደ ሐኪም ቤት አድርሱት። ሲነቃም ከበባችሁ አትመልከቱት። አንድ ሰው አጠገቡ ይቀመጥና «አይዞህ፣ እኔ አለሁ» ይበለው። ይህ ቃል ከብዙ ነገር ይበልጣል።

አራተኛዋ ጓደኛችን በአስም ምክንያት የደረሰባት ችግር ደግሞ የተለየ ነው። ሕመሟን ሁሉም ያውቃል፤ ምስጢር አላደረገችውም። ነገር ግን ማወቃቸው ሌላ ሸክም ሆነባት። መጥረጊያ ስታነሣ ይቀሟታል፤ ሩጫ ሲኖር «አንቺ ተቀመጪ» ይሏታል፤ ሽርሽር ሲኖር ስሟን ይዘሏታል። የኖራው ብናኝና የሚጠረግ አቧራ እንደሚነሣባት እውነት ነው፤ ስለዚህ ከሰሌዳው ራቅ ብላ መቀመጧና ወለሉ በውሃ ተረጭቶ መጠረጉ ትልቅ እርዳታ ነው። በአፍ የሚሳበው መድኀኒቷ ከአጠገቧ ካለና ሐኪሟ ከፈቀደላት ግን መሮጥ ትችላለች፤ ትሮጣለችም። እርሷ የምትለን እንዲህ ነው፤ «የማልችለውን አግዙኝ፤ የምችለውን ተዉልኝ።»

በዚህ ቃል ውስጥ የንግግራችን ፍሬ አለ። እኛ ለረጅም ጊዜ እርዳታን የጠላን ይመስለን ነበር። በኋላ ስንመረምረው ግን የጠላነው እርዳታን ሳይሆን ከንፈር መምጠጥን ነው። ከንፈር የሚመጥ ሰው በሽታችንን እንጂ እኛን አያይም፤ «ምስኪን» ብሎ ያልፋል፤ ከእርሱ የምናገኘው ነገር ቢኖር ማነስ ነው። የሚረዳ ሰው ግን «ምን ላድርግ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የተባለውን ያደርጋል፤ ከዚያም ስለ ኳስ ወይም ስለ ፈተና ያወራናል። ከንፈር መጣጩን ፈርተን ረዳቱንም አብረን አባረርነው፤ ስሕተታችን ይህ ነበር።

ብርታትንም በሌላ ዐይን ማየት ጀመርን። ቀድሞ ብርቱ የምንለው ምንም የማያስፈልገውን ሰው ነበር። አሁን ግን ብርቱ የምንለው ዛሬ መርፌውን ተወግቶ፣ ነገም የሚወጋውን፣ ከነገ ወዲያም ሳይሰለች የሚወጋውን፣ ሲደክመውም «ደከመኝ፣ ያዙኝ» ለማለት የሚደፍረውን ነው። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኀኒቱ» ይባል የለምን? ሕመምም ሰውን መርጦ አይዝም፤ ክብርንም አይወስድም። ታላቁ ድምፃዊ ጥላሁን ገሠሠ በስኳር ሕመም ምክንያት አንድ እግሩን አጥቶ ነበር፤ በሚያዝያ ወር 2001 ዓ.ም. ሲያርፍ ግን አገር በሙሉ ያለቀሰለት በታላቅ ክብር ነው።

ወላጆቻችን ሆይ፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለን። የእኛ አገር ሰው መረዳዳትን ከማንም አልተማረም። ዕድር አለን፤ ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፤ ንፍሮ ይቀቀላል፤ ሐዘንተኛው ብቻውን አያድርም። ማንም ሐዘንተኛ የዕድሩን ገንዘብ ሲቀበል «ለማኝ ሆንኩ» አይልም፤ ያዋጣበት ነውና። ታዲያ ለሞተ ሰው እንዲህ የምንረዳዳ ሰዎች፣ ለታመመ ሰው፣ ገና ለሚኖረው ሰው፣ መረዳዳት ለምን ያሳፍረናል? በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ ከዚያ ወደ ብዙ ወረዳዎች የተስፋፋው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በዚሁ በዕድር ሐሳብ የቆመ ነው። ቤተሰብ ሁሉ በየዓመቱ ያዋጣል፤ የታመመው ይታከምበታል። ጤነኛው «ገንዘቤ ባከነ» አይበል፤ ባለመታመሙ ያመስግን። የታመመውም አይፈር።

በጎንደርና በጅማ የተደረገውንም ሥራ በምሳሌነት እናንሣ። ከገጠር የሚመጡ የስኳርና የሚጥል በሽታ ሕሙማን ለመድኀኒት ሲሉ ረጅም መንገድ መጓዝ ነበረባቸው፤ ብዙዎችም መንገዱ ስለ ከበዳቸው ሕክምናውን ያቋርጡ ነበር። በጎንደር ዶክተር ሽታዬ ዓለሙን የመሰሉ ሐኪሞች ከባልደረቦቻቸው ጋራ ሆነው በየጤና ጣቢያው ያሉ ነርሶችን አሠለጠኑ፤ ሕመምተኛውም ክትትሉን በቅርቡ እንዲያገኝ ሆነ። በ1976 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ የስኳር ሕመም ማኅበርም ሕመምተኞችን ሲያስተምር ኖሯል። እንግዲህ እርዳታ የለም አይባልም። እርዳታው ወደ እኛ በመጣበት መጠን እኛም አንድ እርምጃ ወደ እርሱ መሄድ አለብን።

ንግግራችንን ከመፈጸማችን በፊት ልመናችንን እናቅርብ።

መምህራኖቻችን ሆይ፣ በዓመቱ መጀመሪያ በየክፍሉ የማይለቅ ሕመም ያለበት ተማሪ እንዳለ በምስጢር ጠይቁ። የስኳር ሕመምተኛ በክፍል ውስጥ ሲበላ ወይም ለሽንት ሲወጣ አትቆጡት። በጽሕፈት ቤቱም ስኳርና ንጹሕ ውሃ ይቀመጥልን። የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያልበው፣ ንግግሩ የሚምታታበት የስኳር ሕመምተኛ ብታዩ፣ መዋጥ የሚችል እንደ ሆነ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ አጠጡት፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ካልተሻለው ድገሙት። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳታደርጉ ወደ ሐኪም ቤት አድርሱት።

ወላጆቻችን ሆይ፣ ልጃችሁ ብዙ ውሃ ከጠጣ፣ ሌሊት ደጋግሞ ከሸና፣ እየበላም ከከሳ፣ ወባ ነው ብላችሁ አትቆዩ፤ ስኳሩ እንዲመረመር ጠይቁ። የታመመውን ልጅ ለማግባትም ሆነ ለሌላ ነገር እንቅፋት ይሆንበታል ብላችሁ አትደብቁት።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ ከእናንተ የምንሻው ጥቂት ነው። አትፍሩን፤ ከንፈርም አትምጠጡልን። ጠይቁን፤ እንነግራችኋለን።

በመካከላችሁ ሆናችሁ እንደ እኛ ሕመማችሁን የደበቃችሁ ተማሪዎችም እንዳላችሁ እናውቃለን። ለእናንተ የምንለው ይህ ነው፤ ለሁሉ ሰው መናገር ግዴታችሁ አይደለም። ለአንድ ሰው ግን ንገሩ። ያቺ በሒሳብ ፈተና ላይ የወደቀች ጓደኛችን የዳነችው ሁሉም ስላወቀላት አይደለም፤ አንዲት እኅት ስላወቀችላት ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ከአጠገቧ የምትቀመጠውን ልጅ ምልክቶቹን አስተማረቻት፤ ስኳሯንም ከቦርሳ አውጥታ በጠረጴዛዋ ላይ ታኖራለች። ማንም አልሳቀባትም። በሚቀጥለው የሒሳብ ፈተናም ሳትወድቅ ጨረሰች፤ ይህን ስንል ከወንበሩም ከፈተናውም ማለታችን ነው።

አዋሽን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከጊንጪ ደጋ ተነሥቶ በአጠገባችን አልፎ ወደ አፋር ይወርዳል፤ በአቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል፤ ባሕር አይደርስም። በክረምት ሲሞላ እርሻና ከብት ይወስድ ነበር። ሰዎች ግን ወንዙን አላደረቁትም፤ ሊያደርቁትም አይችሉም። በ1952 ዓ.ም. በቆቃ ላይ ተገደበ፤ ከዚያ ወዲህም ወዲያም በቦይ ተመራ፤ በእርሱም ሸንኮራው፣ ብርቱካኑና ቲማቲሙ በቀለ። ይህን ያደረገው የአንድ ሰው ጉልበት አይደለም። የእኛም ሕመም እንዲሁ ነው። አናደርቀውም፤ ነገር ግን በእናንተ እጅና በእኛ ትጋት ቦይ ሊበጅለት ይችላል። ባሕር አልደረሰም ተብሎ አዋሽ ወንዝ አይደለም የሚለው የለም፤ እኛም ፈጽመን ባንድን ሙሉ ሰዎች ከመሆን የሚያግደን የለም።

 ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑርልን።